የአቃቂ ቁልቁለት

ገብረጊዮርጊስን የገደለው ሰው አንዴ መትቶ አላቆመም። መጀመሪያ ለመከላከል የዘረጋቸውን የቀኝ እጁን ጣቶች ሰባበረ። ቀጥሎ መንጋጋውን አወለቀው፤ ሦስተኛው ምት ከግራ ጆሮው በላይ ያለውን አጥንት ወደ ውስጥ አስገባው። ለመሞት ይኼ በበቃው ነበር። መዶሻው ግን ከዚያም በኋላ ወጣ፣ ወረደ። ደሙ ግድግዳውን አልፎ ጣሪያው ላይ ተረጭቶ ነበር። ሰውየው የወደቀው ደግሞ በገዛ እጁ ሠርቶ በጨረሰው የባቡር ሐዲድ ላይ ነው።

ይህ የሆነው በ1930 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ካለው ሰፈር ነው። ጥልያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰው ደጃፉ ላይ የሚረሸንበት ዘመን ስለነበር አንድ ሬሳ ለማንም ብርቅ አልነበረም። አይድገመን እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሸምሲያ ሰንጋ ተራ ወደሚገኘው የባሻ ኩማ ቤት እየሮጠች ገባች። ሻሿ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ባሻ ኩማ ከወረራው በፊት የአራዳ ዘበኛ አለቃ ነበሩ። በከተማው ውስጥ በቅሎ ሲሰረቅ፣ ሰው ሲሰወር፣ ጠላ ሲመረዝ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ጥልያን ገብቶ «ከእኛ ጋር ሥራ» ሲላቸው ግራ እግራቸውን አሳይተው «አንካሳ ነኝ» አሉና ኮርቻ መስፋት ጀመሩ። ማንከሳቸውስ እውነት ነው፤ እምቢ ያሉት ግን በእግራቸው ምክንያት አልነበረም። ቁጡ ሰው ናቸው፤ ጧት ጧት ደግሞ ይብስባቸዋል።

«ምንድን ነው ሩጫው? ቤት ተቃጠለ?»

«ባሻ፣ ይድረሱልኝ! ሰላሃዲንን ሊሰቅሉብኝ ነው!»

«መቼ?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ። ገበያው ሲሞላ ነው አሉ። አቶ ገብረጊዮርጊስን ገደልክ ብለውት።»

«ገድሏል ወይ?»

ሸምሲያ አፍጥጣ አየቻቸው። «ወላሂ አልገደለም! አዲስ ፉርጎ ሠርቶለት ሊሰጠው ሄደ። ሲገባ በደም ተነክሮ አገኘው። አቅፎ አነሳውና ጮኸ። ጩኸቱን ሰምተው የደረሱት የጥልያን ዘበኞች ናቸው። መዶሻው የሰላሃዲን፣ ልብሱ ደም በደም። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«መዶሻው እዚያ ምን ይሠራል?»

«ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚተወው። ከሟቹ ጋር ባቡር ይሠሩ ነበር።»

«ምን ይሠሩ ነበር?»

«ባቡር፣ ባሻ። ትንሽ ባቡር። ጠረጴዛ ላይ።»

ባሻ ኩማ ወስፌያቸውን ኮርቻው ላይ ሰክተው ተነሱ። «እውነተኛው ገዳይ ቢገኝ የጣቢያው አለቃ ባልሽን ይለቀዋል?»

«ማሬሻሎው? ‹ዛሬ አንድ ሰው መስቀል አለብኝ፤ ሌላ ካለሽ አምጪ› ብሎ ሳቀብኝ።»

ባሻ ዱላቸውን አነሱ። እስከ ስድስት ሰዓት የቀራቸው አምስት ሰዓት ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ከትናንት በስቲያ የተሰቀሉ ሁለት ሰዎች እስካሁን አልወረዱም፤ ሸምሲያ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ አለፈች።

የሟቹ ቤት ሲደርሱ ለቅሶው ተጀምሮ ነበር። ሬሳው ተገንዞ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ተጋድሟል። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ታየች ፊቷን ነጭታ ነጭታ ደም በደም ሆናለች። ባሻን ስታይ ተነስታ እጃቸውን ሳመች።

«ሰላሃዲን አልገደለውም፣ ባሻ። እነዚህ ሁለቱ አንድ እንቁላል ለሁለት የሚበሉ ናቸው። እኔ እህል ለማስፈጨት አብነት ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ምነው ባልሄድኩ!»

«ክፍሉን አሳዪኝ፣ ልጄ። ከትናንት ወዲህ የገባ አለ?»

«ማንም የለም። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ጥልያኖቹ ሰላሃዲንን ከበሩ ላይ ጎትተው ሲያወጡት ደረስኩ፤ ጎረቤት ሬሳውን ተሸክሞ አወጣ። ከዚያ ቆለፍኩት።»

ጓዳው ረጅምና ጠባብ ነው። ሦስት አሮጌ መዝጊያዎች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ከዳር እስከ ዳር ጠረጴዛ ሆነዋል። ባሻ በሩ ላይ ቆመው ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከለገሃር እስከ አቃቂ ያለው አገር እንዳለ እዚያ ላይ ተቀምጧል።

ገብረጊዮርጊስ በምድር ባቡር የመሐንዲስ ረዳት ሆኖ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ጥልያን ሲመጣ ሥራውን ትቶ ቤቱ ተቀመጠ፤ እጁ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። አራት ወር ሙሉ ዕቅድ ብቻ ነደፈ። አቡጀዲ ዘርግቶ እያንዳንዱን ጥምዝ፣ እያንዳንዱን ድልድይ፣ ከሐዲዱ ሥር የተቀበረውን እያንዳንዱን የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ በልኩ አሳንሶ ሳለ። መቶ እርምጃ አንድ ጣት ሆነ። ጥምዙን በምስማርና በክር ለካ፤ ክሩን ሲያሳጥረው ባቡሩ ይገለበጣል፣ ሲያስረዝመው ሐዲዱ ግድግዳ ይገባል። እየነቀለ እየተከለ ሚስቱን አሰለቻት። ሐዲዱ የሸቀጥ ሳጥን ማሰሪያ ላሜራ ነው። ተራራው በጭቃና በጭድ የተለሰነ ጆንያ፣ የአቃቂ ድልድይ የአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ነው። ባቡሩን የሚገፋው ከተሰበረ ሰዓት የወጣ ሞላ ሲሆን ቆርቆሮውን የቀጠቀጠው ሰላሃዲን ነው። በዚያ የሰው ልጅ እንደ ዝንብ በሚረግፍበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው ለአንዲት የክብሪት ቤት የምታህል ጣቢያ መስኮት ይቆርጡላት ነበር። እኔ እብደት አልለውም፤ ያለ እሱ ያብዱ ነበር።

አሁን ለገሃር ደቅቋል። ተራራው ተደርምሶ ውስጡ ያለው ጆንያ ደም ጠጥቷል። የሟቹ ጥርስ ሐዲዱ መሃል ወድቋል።

ባሻ ጎንበስ ብለው ሲያዩ አንድ ነገር ዓይናቸውን ያዘው። በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መሃል ትንሹ ባቡር ሐዲዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀኝ ጎኑ ሙሉ በሙሉ በደም ተረጭቷል፤ ግራ ጎኑ ንጹሕ ነው። ጎማዎቹ የቆሙት ደግሞ በረጋ ደም ላይ ነው። ከፊተኛው ጎማ ሥር፣ በአቃቂ በኩል፣ ጥፍር የምታህል የቀርከሃ ስንጣሪ ተሸጉጣለች። ባሻ ስንጣሪዋን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ።

«ግድግዳው ላይ እዚህ አራት ምስማር አለ። ምን ተሰቅሎ ነበር?»

ታየች ቀና አለችና ክው አለች። «አቡጀዲው! የዕቅዱ ሥዕል። ትናንት ጧት እዚያው ነበር።»

«ጥልያኖቹ ወስደውት ይሆን?»

«ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት። ያንን ቢያገኙ ቤቱን ከነእኔ ያቃጥሉት አልነበር?»

ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቱቦው የት እንደተቀበረ፣ ድልድዩ የት እንደሚደክም በእርምጃ የተለካበት ሥዕል፣ ባቡር ለመገልበጥ ለሚፈልግ ሰው ወርቅ ነው። «ይህ ሥዕል መኖሩን የሚያውቀው ማን ነው?»

«ከሰላሃዲን ሌላ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም የምድር ባቡር ሰዎች፣ ሁሉም ውጭ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ባለፈው እሑድ ከፈቃደ ጋር ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ፣ ባሻ። ፈቃደ በሩን ወርውሮት ነው የወጣው።»

መጀመሪያ የገባው ተሰማ ነው፤ የጣቢያው ስልከኛ። ሰውየው ደሙን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እቤቴ ተኝቼ። ማንም አላየኝም፣ ከእግዜር በቀር።»

«እግዜርን ጠርቼ አልጠይቅም። እዚህ ስትመጣ ሥራህ ምን ነበር?»

«ጥግ ይዤ ደወል መምታት። ባቡሩ ሲነሳ አንዴ፣ ሲደርስ ሁለቴ። ባቡሩን ከነካሁማ ገብሬ ይቆጣኛል፤ እጄ ያልባታል፣ ቆርቆሮውን ታዝገዋለህ ይለኝ ነበር።»

ባሻ ስንጣሪዋን ከኪሳቸው አወጡ። «ይህ ምንድን ነው?»

ተሰማ አገላብጦ አየው። «የተሰበረ እንጨት።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ይሆናል፣ ባሻ? እንጨት ነው።»

ቀጥሎ ፈቃደ ገባ። ባቡር ነጂ ነው፤ በሩን የሚሞላ ሰው። ዓይኑ በለቅሶ ብዛት አብጧል። የወደቀውን ጥርስ ሲያይ ጡጫውን ጨበጠ። «ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ። በዚህ እጄ ነው የማንቀው!»

«ባለፈው እሑድ በሩን ወርውረህ ወጥተሃል አሉ። ምን አጣላችሁ?»

ፈቃደ አንገቱን ደፋ። «ሰኞ የጥልያን ወታደር የጫነ ባቡር ወደ ታች እነዳለሁ። ገብሬ ‹ታመምኩ በልና ቅር› አለኝ። ለምን ስለው አይናገርም። ‹ብቻ ቅር› ይላል። እኔ ልጆች አሉኝ፤ ከቀረሁ ይገርፉኛል። ተናደድኩና ወጣሁ። ይቅርታ እንኳ አላልኩትም።»

«ይህን ባቡር አስኪድልኝ እስቲ።»

ፈቃደ እንባውን ጠርጎ ባቡሩን ካልፈረሰው ሐዲድ ላይ አቆመውና ለቀቀው። ሞላው አልተጠመዘዘም፤ ባቡሩ ግን ቀስ እያለ ራሱን ችሎ ወደ ለገሃር መንሸራተት ጀመረ።

«ከአቃቂ ወደ ለገሃር ቁልቁል ነው እንዴ?» አሉ ባሻ።

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ አዎ፤ በእውነቱማ ተቃራኒው ነው። ሞላው ደካማ ስለሆነ ባቡሩ አቃቂ ደርሶ መመለስ ያቅተው ነበር። ሰላሃዲን በአቃቂ በኩል የጠረጴዛውን እግር በሁለት ጣት ከፍ አደረገው፤ አሁን ሞላው ወደዚያ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ራሱ ይወርዳል። ገብሬ መሬቱ ተገልብጦ እንዳይታይ በጭቃ አስተካክሎ ደበቀው። ለዓይን አቃቂ ዝቅ ያለ ይመስላል። ባቡሩን ያልነካ አያውቀውም።»

ይህን እያለ የክብሪት እንጨት ከኪሱ አውጥቶ ሳያስበው ከጎማው ሥር ሸጎጠ፤ በለገሃር በኩል። ባቡሩ ቆመ። ባሻ አዩት።

የመጨረሻው ወልደአማኑኤል ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ጥቁር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ገትሮ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሬን ያዥ ነው።

«የፍሬን ያዥ ሥራ ምንድን ነው? እኔ በቅሎ እንጂ ባቡር አላውቅም።»

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ ነዋ። ባቡሩ ሲቆም ደግሞ ወርጄ ከጎማው ሥር ታኮ አስገባለሁ፣ እንዳይንሸራተት። ያለ ታኮ የቆመ ባቡር ሰው ይጨርሳል።»

«እዚህ እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር?»

«እሑድ እኔ ጉዞ ላይ ነኝ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ጠረጴዛው ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ እግሬ ይህን ክፍል ረግጦ አያውቅም። ሥዕሉ ሲሳል ግን አጠገቡ ነበርኩ። ዳገቱንና ቁልቁለቱን በቃሌ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«መንገዱን ታውቀዋለህ ማለት ነው።»

«ዓይኔን ጨፍኜ! ከለገሃር ከወጡ እስከ አቃቂ ቁልቁል ነው፣ ባሻ። ፍሬን ለቀቅ ያደረጉ እንደሆነ ወዮ ነው።»

ባሻ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ በሩ ሄዱ። ከዚያ «ሁሉንም ጥሩልኝ» ብለው ተጣሩ።

አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ታየች፣ ሸምሲያ፣ ተሰማ፣ ፈቃደና ወልደአማኑኤል ደም የነካውን ጠረጴዛ ከበው ቆሙ። ባሻ በሩን ዘግተው ጀርባቸውን አስደገፉበት።

«ድሮ አገር ቤት ሰው ሲገደል አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ እውነቱ ሳይወጣ ከክቡ የሚወጣ አልነበረም። ዛሬም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ እኛ ጊዜ የለንም። አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶናል፤ ከዚያ በኋላ የዚህች ልጅ ባል ይሰቀላል።»

ስንጣሪዋን ለሁሉም አሳዩ።

«ይህ ባቡር በትግሉ መሃል በጎኑ ወድቆ ነበር፤ ደሙ የተረጨው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። አሁን ግን ቆሟል፣ ጎማውም የረጋ ደም ረግጧል። ገዳዩ ሰውየውን ጨርሶ፣ ሥዕሉን ገንጥሎ፣ ሊወጣ ሲል ባቡሩ ወድቆ አየ። አንስቶ አቆመው። ከዚያ ከጎማው ሥር ይህችን ታኮ አስገባ። ሰው ገድሎ ሲያበቃ ባቡሩ እንዳይንሸራተት ፈራ! ጉድ እኮ ነው። ይህን ማን ያደርጋል? አስቦ አላደረገውም፤ እጁ ነው ያደረገው።»

«ተሰማ ይህን የተሰበረ እንጨት ነው አለኝ። እጁ ታኮ አያውቅም። ወይዘሮ ታየችም አታውቅም። ታኮ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰላሃዲን፣ ፈቃደና ወልደአማኑኤል።»

«ፈቃደ ነው!» አለች ሸምሲያ እያለቀሰች። «እሱ ነው የተጣላው!»

«ቆይ፣ ልጄ። ታኮዋ የገባችው በአቃቂ በኩል ነው። በእውነተኛው መንገድ ትክክል ነው፤ አቃቂ ቁልቁል ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ሰላሃዲን ራሱ እግሩን ከፍ ስላደረገው ባቡሩ የሚንሸራተተው ወደ ለገሃር ነው። ታኮዋ ምንም አልያዘችም፤ ባቡሩን ያቆመው ጎማው ላይ የረጋው የሟቹ ደም ነው። ሰላሃዲን ቢሆን በለገሃር በኩል ባስገባት ነበር። ፈቃደም ዛሬ እዚሁ ፊቴ ክብሪቱን በለገሃር በኩል ነው የሸጎጠው። ገዳዩ ታኮን በእጁ የሚያውቅ፣ መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ፣ ይህን ጠረጴዛ ግን ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ወልደአማኑኤል ዞሩ። እሱ ፈገግ አለ። «ባሻ፣ ይህ ሁሉ ለአንዲት ስንጣሪ ነው?»

«ሌባ ሁሉ ሲዋሽ ይያዛል፤ አንተን የያዝኩህ እውነቱን ስለተናገርክ ነው። ይህን ጠረጴዛ አላውቀውም አልከኝ፤ አመንኩህ። እስቲ ካፖርትህን ክፈት። ከጧት ጀምሮ ጎንበስ ማለት አቅቶሃል።»

ወልደአማኑኤል ካፖርቱን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሽጉጥ ነበር። አፈሙዙ ገና ሳይነሳ የባሻ ዱላ አንጓው ላይ ወረደ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ሽጉጡ ወለሉ ላይ ወደቀና ተሰማ ረገጠው። ፈቃደ የሰውየውን ሸሚዝ ሲተረትረው ወገቡ ላይ የተጠመጠመው አቡጀዲ ወጣ፤ ጠርዙ በደረቀ ደም ጠቁሯል።

 ታየች ቀርባ ፊቱን አየችው። «ስንት ጊዜ መታኸው?»

«ታየች…»

«ስንት ጊዜ?»

«አላውቅም» አለ። ከዚያ የተሰበረ እጁን አቅፎ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። «ለአገር ነው! ሰኞ ሦስት መቶ ወታደር የጫነ ባቡር ይወርዳል። ጫካ ያሉት ወንድሞቻችን ቱቦው የት እንዳለ ማወቅ ነበረባቸው። ሥዕሉን ስጠኝ አልኩት። ‹ነጂው ፈቃደ ነው፤ ፈቃደ ካልወረደ አልሰጥም› አለ። ፈቃደ ከቀረ ጥልያን ይጠረጥራል አልኩት። ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። አልሰማኝም። ሥዕሉን ስገነጥል ያዘኝ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ።»

ፈቃደ እንደ በሬ ጮኸ። ገብሬ የሞተው እሱን ለማትረፍ መሆኑ አሁን ነው የገባው። ወልደአማኑኤልን አንገቱን ይዞ ከግድግዳው አላጋው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ምላሱ እስኪወጣ ድረስ አነቀው። ባሻ በዱላቸው ክንዱን ደብድበው አስለቀቁት።

«ተው! ሬሳ አይደለም የምፈልገው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው የምፈልገው!»

ወልደአማኑኤል መሬት ላይ ተቀምጦ አሳለው። ደም ተፋ። «እኔን ለጥልያን ልትሰጡኝ ነው? አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ለማዳን? በእኔ እጅ ስንት ሰው ደብዳቤ ይቀበላል፣ ስንቱ ጥይት ያገኛል! እሱ ቢሞት ምን ይጎድላል?»

 ባሻ ኩማ አቡጀዲውን አንስተው ጥግ ያለው ፈርኔሎ ውስጥ ከተቱና ክብሪት ጫሩበት። የአራት ወር ዕቅድ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት እርምጃ ነደደ። «ይህ ጨርቅ ማሬሻሎው እጅ ቢገባ ልደታ ሰው አይተርፍበትም ነበር» አሉ። ከዚያ በሩን ከፈቱት።

«ስማኝ። እኔ አንድ ሐበሻ ለጥልያን አስረክቤ አላውቅም፤ አንተንም አላስረክብም። ከዚህ ወጥተህ ወደ ቀኝ ከታጠፍክ እስከ ጫካ የሚከተልህ የለም። ወደ ግራ ከታጠፍክ የማሬሻሎው ጣቢያ ነው። ወደ ግራ ከሄድክ ግን ስለ አገር አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ እኛም ወንድሞችህም እናልቃለን። ‹ጠጥቼ ነበር፣ ተጣላን፣ ገደልኩት› ትላለህ። እንደ ሰካራም ትሰቀላለህ። እናትህ እንኳ እውነቱን አትሰማም። የምልህ ይኼ ነው።»

«አልሄድም» አለ ወልደአማኑኤል። «ከጫካ የሚጠብቁኝ አሉ።»

ያን ጊዜ ሸምሲያ ከፊቱ ቁጭ አለች። 

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ አሳዩኝ። ጥፍሮቹን ነቅለዋቸዋል። የሚጠይቁት ስለ ግድያው አይደለም፤ ‹እሑድ እሑድ እዚያ ቤት የሚሰበሰቡት እነማን ናቸው› ነው የሚሉት። አንድም ስም አልሰጠም። በጆሮዬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ወልዴ የአርበኞቹን መልእክት ያደርሳል፤ ስሙ ከአፌ ከወጣ ብዙ ሰው ያልቃል። አንቺም እንዳትናገሪ፣ ለባሻም ቢሆን።› አልተናገርኩም። እስካሁን ድረስ አልተናገርኩም!»

ወልደአማኑኤል ሸምሲያን አያት። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። የተሰበረ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ከትቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ በታየች አጠገብ አልፎ ወጣ። ባሻ ተከትለው እስከ አጥሩ በር ሄዱ። ሰውየው መንገዱ ላይ ቆመ። ወደ ቀኝ ብዙ ተመለከተ። ወደ ግራ ታጠፈ።

ባሻና ሸምሲያ ከኋላው ራቅ ብለው ተከተሉት። ማሬሻሎው የደረቀ ደም የነካውን የካፖርቱን ገበር አየ፣ «ጠጥቼ ነበር» የሚለውን ቃል በአስተርጓሚ ሰማ፣ ሰዓቱን ተመለከተና ትከሻውን ነቀነቀ። ገመዱ አንድ ነው፤ አንገቱ የማንም ይሁን። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሰላሃዲንን ገፍትረው በሩ ላይ ጣሉት።

ሰላሃዲን እጆቹን በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ተነሳ። በሩ ላይ ወልደአማኑኤልን ሁለት ወታደሮች ይዘውት አየ። ፊቱ ሁሉ አብጦ የሚያይበት የአንድ ዓይኑ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶታል፤ በዚያው ዓይኑ አወቀው።

«ወልዴ! አንተንም ያዙህ?» አለ። ወደ እሱ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በአላህ እልሃለሁ፣ እኔ ምንም አላልኩም። አይዞህ፣ ወንድሜ። እውነቱ ይወጣል፤ እኔን እንደለቀቁኝ አንተንም ይለቁሃል።»

 በዚያ ክፍል ውስጥ አጥንቱ ሲሰበር ያላለቀሰ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ሂድ» አለው በመጨረሻ። «ሂድ ወደ ቤትህ፣ ሰላሃዲን።»

በስድስት ሰዓት ሰቀሉት። ገበያተኛው ‹ሰካራም፣ ነፍሰ ገዳይ› እያለ ተፋበት፤ ድንጋይ የወረወሩም ነበሩ። ሸምሲያ ባሏን ደግፋ፣ ባሻ እያነከሱ፣ ጩኸቱን ከኋላቸው ትተው ወደ ልደታ ወረዱ።

«ባሻ» አለ ሰላሃዲን መሃል መንገድ ላይ ቆሞ። «ወልዴን ምን አድርጎ ነው የሰቀሉት?»

ባሻ ኩማ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ።

«ጠጥቶ ነበር አሉ።»

«ወልዴ?» ሰላሃዲን በአንድ ዓይኑ አያቸው። «ወልዴ እኮ ጠጥቶ አያውቅም፣ ባሻ።»

ባሻ ፊታቸውን አዞሩ። ሸምሲያ የባሏን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው።